የመንገደኛ ምንጣፍ፤ በደጋ ጉዞ ላይ የመኝታ ምንጣፍ አመራረጥ

በእግሩ የሚጓዝ ሰው ከቤቱ ሲነሣ ሦስት ነገር ያስባል፤ ይኸውም የሚበላውን፣ የሚለብሰውንና የሚያድርበትን ነው። ስንቁ በስልቻ ይቋጠራል፤ ልብሱ በትከሻው ላይ ይውላል፤ የሚያድርበት ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ለመንገዱ ዕድል ይተዋል። በኢትዮጵያ ደጋ አገር መሽቶበት የደረሰ መንገደኛ በሰው ደጅ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ብሎ ማደሪያ መለመኑ፣ ባለቤቱም መደቡን ለቆ ማሳደሩ የታወቀ ልማድ ነው። ነገር ግን መንደር በሌለበት አምባና ሜዳ፣ ወይም እንግዳው ከቤቱ ቍጥር በሚበዛበት በበዓል ጊዜ፣ መንገደኛው ከመሬት በቀር ሌላ አልጋ የለውም። በዚያን ጊዜ በሰውነቱና በመሬቱ መካከል የሚገባው ነገር የሌሊቱን ዕረፍት፣ የማግስቱንም ጉልበት ይወስናል።

ምንጣፍ ከታች የሚውል ነገር ስለ ሆነ ከዐይን ይሰወራል፤ ከዐይን ስለ ተሰወረም ከሐሳብ ይወጣል። ይሁን እንጂ ከላይ ልብስ እየደራረበ ሌሊቱን ሙሉ ሲንቀጠቀጥ ያደረ ሰው፣ የጎደለው ነገር ከላይ ሳይሆን ከታች መሆኑን ዘግይቶም ቢሆን ይረዳል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የደጋው ሕዝብ ለመንገድ የመረጣቸውን ምንጣፎች ጠባይ፣ በኋላ ዘመን በፋብሪካ ከወጡት ምንጣፎች ጋር አነጻጽሮ ማሳየት፣ እንደዚሁም መንገደኛው ምርጫውን በምን ሚዛን ሊመዝን እንደሚገባው መግለጽ ነው።

1. ብርዱ ከወዴት እንደሚመጣ

የሰው አካል ተኝቶም ሳለ ሙቀት ማውጣቱን አያቋርጥም። ይህ ሙቀት ከሰውነት የሚሸሽባቸው መንገዶች ብዙዎች ናቸው። አንዱ ክፍል ወደ ነፋሱ፣ አንዱ ክፍል ወደ ጠራው ሰማይ፣ አንዱም በትንፋሽና በላብ ይሄዳል፤ የቀረው ሰውነቱ በቀጥታ ወደ ነካው ነገር ይተላለፋል። ቆሞ የሚሄድ ሰው መሬትን የሚነካው በእግሩ ብቻ ስለ ሆነ ይህ የመጨረሻው መንገድ እምብዛም አይታወቀውም። የተኛ ሰው ግን ትከሻውን፣ ጀርባውን፣ ዳሌውንና እግሩን በሙሉ ለመሬት ይሰጣል። መሬትም ከሰው አካል ይልቅ እጅግ ሰፊና ቀዝቃዛ ስለ ሆነች የተሰጣትን ሙቀት ትውጣለች እንጂ አትመልስም።

ሙቀትን አጥብቆ የሚይዘው የረጋ አየር ነው። የሱፍም ሆነ የላባ ጥቅሙ ራሱ የሙቀት ምንጭ መሆኑ ሳይሆን፣ በውስጡ ያለውን አየር ሳያንቀሳቅስ መያዙ ነው። ውሃ ግን በአንጻሩ ሙቀትን ከረጋ አየር ከ20 እጥፍ በላይ አብልጦ ያሳልፋል። ስለዚህ እርጥብ መሬት ከደረቅ መሬት፣ የራሰ ልብስም ከደረቅ ልብስ ይልቅ የሰውን ሙቀት ፈጥኖ ይወስዳል።

ከዚህ አንድ ታላቅ ነገር ይከተላል። ጋቢ፣ ቡልኮ ወይም በላባ የተሞላ የመኝታ ከረጢት ከሰውነት በላይ ሲሆን ይነፋል፣ አየርም ይይዛል፤ ከሰውነት በታች ሲሆን ግን በክብደት ይጨፈለቅና አየሩ ከውስጡ ይወጣል፤ በዚያን ጊዜ ጥቅሙ ከስስ ጨርቅ ብዙም አይበልጥም። በባዶ መሬት ላይ ተኝቶ ብዙ ልብስ ከላይ የደረበ ሰው ሳይሞቀው የሚያነጋው በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ የምንጣፍ ዋና ሥራ ሰው ሲጫነው እንኳ ሳይጨፈለቅ አየርን ይዞ መቆየት ነው። ልስላሴ ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣ ጕዳይ ነው። ገዢ ግን በገበያ ላይ ምንጣፍን በእጁ እየተጫነ ሲመርጥ አስቀድሞ የሚያገኘው ልስላሴውን ስለ ሆነ፣ ብዙዎች የሚሳሳቱት በዚህ ነው።

2. የቀድሞ መንገደኛ ምንጣፎች

በደጋው አገር ለመንገድ ከተመረጡት ምንጣፎች መካከል የመጀመሪያው አጎዛ ነው። አጎዛ ጠጕሩ ሳይነቀል የለፋ የበግ ቆዳ ነው። ከሥጋው ወገን ያለው ፊቱ ወደ መሬት ሲውል ነፋስንና የመሬትን እርጥበት ይከለክላል፤ ጠጕሩ ያለበት ፊቱ ወደ ላይ ሆኖ ሰውነትን ይቀበላል። የበግ ጠጕር የተጠቀለለና የሚለጠጥ ስለ ሆነ፣ ሰው ሲተኛበት ዝቅ ቢልም ፈጽሞ አይጨፈለቅም፤ በዚህ ምክንያት አየሩን ይዞ ይቀራል። ከዚህም በላይ ሱፍ የራሱን ክብደት ወደ 30 በመቶ የሚሆን እርጥበት ጠጥቶ ሲነካ የራሰ አይመስልም፤ ስለዚህ የተኛው ሰው ላብ ከጀርባው ሥር ቀዝቅዞ አይቆይም። አጎዛ ተጠቅልሎ በትከሻ ይንጠለጠላል፤ ቀን ለመቀመጫ፣ ሌሊት ለመኝታ ያገለግላል። ጕድለቱ ማጠሩ ነው፤ አንድ አጎዛ ከትከሻ እስከ ዳሌ ቢደርስ ነው። ባለቤቱም ለዚህ ብልሃት አለው፤ አጎዛውን ከጀርባው ሥር አድርጎ እግሩን በስልቻው ወይም በሣር ላይ ያሳርፋል። ይህ ብልሃት ከታች እንደሚታየው የዛሬ መንገደኞችም የሚሠሩበት ነው።

አጎዛንና የመሳሰሉትን ቆዳዎች በመንገድ ላይ ከሁሉ ይልቅ የተገለገለበት ምናልባት የቆሎ ተማሪ ነው። ተማሪው ለቅኔ ወደ ጎጃም፣ ለድጓ ወደ ቤተልሔም እያለ ከመምህር ወደ መምህር በእግሩ ሲዘዋወር ጓዙ ጥቂት ነው፤ እርሱም ደበሎ፣ አኩፋዳና በትር ነው። ደበሎው ከበግ ቆዳ የተሰፋ ሆኖ ቀን ልብሱ፣ ሌሊትም መኝታው ነበር። አንድ ዕቃ ሁለት ሥራ እንዲሠራ ማድረግ፣ ጓዙን በራሱ ጫንቃ የሚሸከም ሰው ሁሉ የሚደርስበት ጥበብ ነው፤ ተማሪውም ይህን ጥበብ ከድኽነት ተማረው።

ሁለተኛው ዐይነት የበሬ ቆዳ ነው። ሳይለፋ የደረቀው ቁርበት፣ ለስልሶ የለፋው ደግሞ ጀንዲ ይባላል። እነዚህ ሰፊዎችና ጠንካሮች ናቸው፤ አንዱ ለሁለት ሰው ይበቃል፤ እርጥበትንም ከአጎዛ ይልቅ አጥብቀው ይከለክላሉ። ነገር ግን ስስና ጠጕራቸው አጭር ስለ ሆነ የሚይዙት አየር ጥቂት ነው፤ ብቻቸውን በቀዝቃዛ መሬት ላይ ሲነጠፉ ከእርጥብ እንጂ ከብርድ አያድኑም። ክብደታቸውም በሰው ትከሻ የሚቻል ስላልሆነ፣ ከሲራራ ነጋዴና ከሠራዊት ጋር በአጋሰስ ተጭነው ይሄዱ ነበር። ነጋዴው ቀን ጭነቱን ከዝናም ይሸፍንባቸዋል፤ ሌሊት ደረቅ ሣር አጭዶ፣ በሣሩ ላይ ቁርበቱን አንጥፎ ይተኛባቸዋል። በዚህ አሠራር አየር የሚይዘው ሣሩ ነው፤ እርጥበት የሚከለክለው ቁርበቱ ነው፤ ሁለቱም በአንድነት የተሟላ ምንጣፍ ይሆናሉ።

ሦስተኛው ዐይነት ከቅጠልና ከቃጫ የሚሠራው ነው። ከዘንባባ ቅጠል የሚታታው ሰሌን በጣም ቀላልና ርካሽ ነው፤ ነፋስ ስለሚያሳልፍም በቆላ ሙቀት ከቆዳ ይልቅ ይመረጣል፤ በደጋ ብርድ ግን ከአቧራ ከመጠበቅ የሚያልፍ ጥቅም የለውም። በጕራጌ አገር ከእንሰት የሚሠራው ጅባ ከሰሌን ይልቅ ወፈር ያለ ስለ ሆነ ከመሬት በተሻለ ይለያል። በምሥራቁ ቆላ የሚኖሩት የሶማሌ አርብቶ አደሮች ደግሞ ከቃጫ የሠሩትን ወፍራም ምንጣፍ በጉዞ ጊዜ ከጭነቱ በታች በግመሉ ጀርባ ላይ ያነጥፉታል፤ በሰፈሩበት ቦታ የጎጆ ክዳን ያደርጉታል። ከዚህ እንደሚታየው የሕዝቡ ምርጫ በየአገሩ የተለያየው በዘፈቀደ አይደለም፤ እያንዳንዱ አገር የራሱን ብርድና ሙቀት፣ የራሱን እንስሳና ተክል፣ የራሱን የጭነት ዐይነት አመዛዝኖ የመረጠው ነው።

3. ቆዳ ማልፋትና ባለሙያዎቹ

አጎዛ ጥሩ ምንጣፍ የሚሆነው በጥሩ እጅ ሲለፋ ነው። ትኩሱ ቆዳ በችካል ተወጥሮ በፀሐይ ይደርቃል፤ ከሥጋው ወገን የቀረው ሥጋና ሞራ ተፍቆ ይወጣል፤ እምቧይን የመሰለ ፍሬ ይታሽበታል፤ ቅቤ ወይም ዘይት ይቀባል፤ ከዚያም እስኪለሰልስ ድረስ በእጅና በእግር ይታሻል። ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። በሚገባ ያልለፋ አጎዛ እርጥበት ሲያገኝ ይሸታል፤ ሲደርቅም እንደ እንጨት ድርቅ ብሎ ይሰነጠቃል። በሚገባ የለፋው ግን ለብዙ ዘመን ያገለግላል። ቁንጫና ቅማል እንዳይራባበት ደጋግሞ በፀሐይ መስጣት፣ ማራገፍ፣ በጥንጁት ጢስ ማጠን የተለመደ ነው።

ይህን ሙያ የያዙት ሰዎች በብዙ አገር «ፋቂ» እየተባሉ ተንቀው ይኖሩ እንደ ነበር መርሳት አይገባም። ርስት የሚከለከሉበት፣ በጋብቻም ከሌላው ሕዝብ የሚለዩበት ስፍራ ብዙ ነበር። መኳንንቱም ካህናቱም ነጋዴውም በሠሩት ቆዳ ላይ ይተኙ ነበር፤ ሠሪዎቹ ግን ከነዚሁ ሰዎች ጋር በአንድ ማዕድ አይቀርቡም ነበር። ስለ መኝታ ዕቃ የሚጻፍ ታሪክ ይህን ካላነሣ ግማሽ ታሪክ ብቻ ይሆናል።

በኋላ ዘመን የቆዳ ፋብሪካዎች ሲቋቋሙ የበግ ቆዳ ሌላ መንገድ ያዘ። የኢትዮጵያ ደጋ በግ ቆዳ ስስና ጠንካራ ስለ ሆነ ለጓንት ሥራ በዓለም ገበያ የታወቀ ነው። ስለዚህ ቀድሞ በቤት ለፍቶ አጎዛ ይሆን ከነበረው ቆዳ ብዙው ለነጋዴ ተሽጦ ወደ ፋብሪካ ይሄዳል። በዚህም ገበሬው ገንዘብ አገኘ፤ ነገር ግን በቤቱና በመንገዱ በአጎዛው ፈንታ የማዳበሪያ ከረጢት ወይም የላስቲክ ሸራ ማንጠፍ በብዙ ቦታ ተለመደ። ሸራው እርጥበትን ይከለክላል፤ አየር ግን አይይዝም። ስለዚህ ከቁርበት ቀላል ቢሆንም ከቁርበት የበለጠ አያሞቅም።

4. በፋብሪካ የሚሠሩ ምንጣፎች

በዛሬ ዘመን ተራራ ለመውጣትና ረዥም መንገድ በእግር ለመጓዝ የሚሸጡት ምንጣፎች ልዩ ልዩ ስም ቢኖራቸውም በሦስት ወገን ይጠቃለላሉ።

የመጀመሪያው ደረቅ የስፖንጅ ምንጣፍ ነው። በውስጡ ያሉት የአየር ቀዳዳዎች እያንዳንዳቸው ስለ ተዘጉ ውሃ አይጠጣም፤ ሲጫኑትም አየሩ አይወጣም። ክብደቱ ብዙውን ጊዜ ወደ 400 ግራም፣ ውፍረቱም 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። እሾኽ ቢወጋው፣ ድንጋይ ቢቀደውም አገልግሎቱ አይቋረጥም። ጕድለቱ ስስ በመሆኑ ጎን ለሚተኛ ሰው ዳሌና ትከሻ አለመመቸቱ፣ ሲጠቀለልም ብዙ ስፍራ መያዙ ነው።

ሁለተኛው በራሱ የሚነፋው ነው። አየር በማያሳልፍ ጨርቅ ውስጥ ለስላሳ ስፖንጅ ይገባበታል፤ መክፈቻው ሲከፈት ስፖንጁ እየተነሣ አየር ይስባል፤ ከዚያ መክፈቻው ይዘጋል። ይህን ዐይነት ምንጣፍ በአሜሪካ በሲያትል ከተማ የነበሩ መሐንዲሶች ፈልስፈው፣ እ.ኤ.አ. በ1972 «ቴርማ ረስት» በሚል ስም ለገበያ የሚያቀርብ ድርጅት አቋቋሙ። ስፖንጁ በውስጡ ያለውን አየር ስለሚያረጋው ይሞቃል፤ ለሰውነትም ይመቻል፤ ክብደቱ ግን ከሌሎቹ ይበልጣል፤ ብዙዎቹ ከግማሽ ኪሎ እስከ አንድ ኪሎና ከዚያም በላይ ይመዝናሉ።

ሦስተኛው በትንፋሽ ወይም በመንፊያ የሚነፋው የአየር ምንጣፍ ነው። ከ7 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ይወፍራል፤ ሲታጠፍ ግን ከአንድ የውሃ ጠርሙስ እምብዛም አይበልጥም። በልስላሴው ከሁሉ ይልቃል። ነገር ግን እዚህ ላይ ማስተዋል ያስፈልጋል። በውስጡ ሌላ ነገር የሌለበት የአየር ምንጣፍ ምንም ያህል ቢወፍር አያሞቅም፤ ምክንያቱም በሰፊ ክፍል ውስጥ ያለ አየር አይረጋም፤ እየተዘዋወረ የሰውን ሙቀት ወደ መሬት፣ የመሬትንም ብርድ ወደ ሰው ያመላልሳል። ስለዚህ ለብርድ አገር የሚሠሩት በውስጣቸው ላባ፣ ክር ወይም ሙቀትን የሚመልስ ስስ ሽፋን ይጨመርባቸዋል። ሁለቱ በውጭ መልካቸው ስለሚመሳሰሉ፣ በእጁ ተጭኖ ብቻ የሚገዛ ሰው አንዱን ከሌላው ሊለይ አይችልም። ሌላው ጕድለቱ መቀደዱ ነው፤ የግራር እሾኽ ሌሊቱን ሊያበላሸው ስለሚችል ማስቲሽና መለጠፊያ ከጓዙ መጕደል የለባቸውም።

5. የሙቀት መከላከያ ቍጥር

ገዢው ይህን ልዩነት እንዲያውቅ የሚረዳው በአምራቾቹ ዘንድ «አር ቫልዩ» የሚባለው ቍጥር ነው። ቍጥሩ አንድ ምንጣፍ ሙቀት በውስጡ እንዳያልፍ የሚከላከልበትን ኃይል ይገልጻል፤ ሲበዛ መከላከሉ ይበዛል። ቀድሞ እያንዳንዱ አምራች በገዛ መንገዱ እየለካ ስለሚጽፍ የአንዱን ቍጥር ከሌላው ማነጻጸር አስቸጋሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 «ኤ.ኤስ.ቲ.ኤም. ኤፍ 3340» የሚባለው የጋራ መለኪያ ወጣ፤ ከ2020 ጀምሮም ብዙዎቹ የታወቁ አምራቾች ተቀበሉት። በዚህ መለኪያ ምንጣፉ 35 ዲግሪ በሚሞቅና 5 ዲግሪ በሚቀዘቅዝ ሰሌዳ መካከል ይገባል፤ የላይኛው ሰሌዳ ሙቀቱን እንደ ያዘ ለመቆየት የሚፈጀው ኃይል ይለካል። ሰሌዳዎቹ በሰውነትና በመሬት ምሳሌ የተቀመጡ ናቸው።

በልማድ እንደሚመከረው ከ2 በታች የሆነ ቍጥር ለሙቅ ሌሊት፣ ከ2 እስከ 4 ያለው ለመጠነኛ ብርድ፣ ከ4 በላይ የሆነው ውርጭ ለሚወርድበት ስፍራ፣ ከ5 ተኩል በላይ የሆነው በበረዶ ላይ ለሚተኛ ሰው ይሆናል። የዚህ ቍጥር ሌላ መልካም ጠባይ መደመሩ ነው። 2 ያለው ስፖንጅ 3 ካለው የአየር ምንጣፍ በታች ቢነጠፍ ሁለቱ በአንድነት ወደ 5 ይሆናሉ። የቀድሞው ነጋዴ ሣርና ቁርበት የደራረበው ይህን ስሌት ሳያሰላ፣ ነገር ግን ፍሬውን በጀርባው እየፈተነ ነው።

6. አመራረጥ

እንግዲህ ምንጣፍ የሚመርጥ መንገደኛ አምስት ነገሮችን በቅደም ተከተል ሊመለከት ይገባዋል።

የመጀመሪያው የሚያድርበት ስፍራ ብርድ ነው። ከደባርቅ ተነሥቶ በስሜን ተራራዎች የሚጓዝ ሰው እንደ ግጭና ጨነቅ ባሉ ከ3500 ሜትር በላይ ከፍታ ባላቸው ሰፈሮች ያድራል። በባሌም የሳነቴ አምባ ወደ 4000 ሜትር ይጠጋል። በነዚህ ስፍራዎች በታኅሣሥና በጥር ቀኑ በፀሐይ ሲሞቅ ውሎ ሌሊቱ ከዜሮ ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ማለዳም ሣሩ በውርጭ ነጥቶ ይገኛል። «ኢትዮጵያ የሙቅ አገር ናት» በሚል አሳብ ስስ ምንጣፍ ይዞ የመጣ እንግዳ የሚቸገረው በዚህ ነው። ለነዚህ ስፍራዎች ቍጥሩ ከ4 የማያንስ ምንጣፍ፣ ወይም ደረቅ ስፖንጅና ጥሩ አጎዛ ተደራርበው ያስፈልጋሉ።

ሁለተኛው ተሸካሚው ማን እንደ ሆነ ነው። በበቅሎ ለሚያስጭን ሰው አንድ ኪሎ ብዙ አይደለም፤ በራሱ ጀርባ ለሚሸከም ግን እያንዳንዱ መቶ ግራም በዳገት ላይ ይቈጠራል። ክብደት መቀነስ የፈለገ ሰው ሙሉውን ምንጣፍ ትቶ እስከ ጕልበት የሚደርሰውን ሊይዝ ይችላል፤ እግሩንም ባዶ በሆነው ከረጢቱ ላይ ያሳርፋል፤ ይህም የአጎዛው ባለቤት ብልሃት ነው። ክብደትን ፈርቶ ሙቀትን መተው ግን ስሕተት ነው፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው በማግስቱ ከተቀነሰው ምንጣፍ የሚከብድ ድካም ይሸከማልና።

ሦስተኛው የአተኛኘት ልማድ ነው። በጀርባው የሚተኛ ሰው ክብደቱ ስለሚከፋፈል በስስ ስፖንጅም ሊያርፍ ይችላል። በጎኑ የሚተኛ ሰው ግን ክብደቱ በትከሻና በዳሌ ላይ ስለሚሰበሰብ ወፈር ያለ ምንጣፍ ያስፈልገዋል። የአየር ምንጣፍ እንደ ኳስ ጠጥሮ እንዲነፋ አይገባም፤ ዳሌው ጥቂት ሰጥሞ መሬትን ሳይነካ የሚቀርበት መጠን ተፈላጊው ነው።

አራተኛው ጥንካሬው ነው። ጠጠርና እሾኽ በበዛበት፣ ጥገናም በሩቅ በሆነበት አገር የማይቀደድ ነገር ከለስላሳ ነገር ይሻላል። በዚህ ረገድ ደረቅ ስፖንጅና አጎዛ የአየር ምንጣፍን ይበልጡታል።

አምስተኛው እርጥበት ነው። በትንፋሽ የተነፋ ምንጣፍ ውስጥ የሰው እርጥበት ይገባል፤ ስለዚህ በመንፊያ ከረጢት መንፋት፣ ከጉዞ መልስም መክፈቻውን ከፍቶ ማድረቅ ይገባል። አጎዛም እንደዚሁ በየቀኑ ፀሐይ ይሻል፤ በዝናም የራሰ አጎዛ ከባድና ቀዝቃዛ ስለሚሆን በክረምት ጉዞ ላይ ያለ መሸፈኛ አይመከርም።

7. አነጣጠፍ

ጥሩ ምንጣፍ በመጥፎ ቦታ ቢነጠፍ ከጥቅሙ ብዙ ይጐድላል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለ ሆነ ሌሊት ወደ ሸለቆው ይወርዳል፤ ስለዚህ በሸለቆ ወለልና በወንዝ ዳር ማደር ከነፋስ ቢያስጥልም ለውርጭ ያጋልጣል። የጋራው ጫፍ ደግሞ ለነፋስ የተገለጠ ነው። ከሁለቱ መካከል፣ ከሸለቆው ጥቂት ከፍ ብሎ ነፋስ የማያገኘው ተዳፋት ይመረጣል። ነጋዴዎች ጭነታቸውን በነፋሱ ወገን ከምረው ከኋላው ይተኙ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። ቦታው ከድንጋይና ከእሾኽ ይጠረጋል፤ ከታች ሸራ፣ በሸራው ላይ ስፖንጅ፣ በስፖንጁ ላይ አጎዛ ወይም የአየር ምንጣፍ ይነጠፋል። ቀድሞ መንገደኛው ሣር አጭዶ ያነጥፍ ነበር፤ በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ግን ሣሩ የጭላዳና የዋልያ መኖ ስለ ሆነ ማጨድ አይገባም። በሣሩ ፈንታ ስፖንጅ መያዝ ግድ የሚሆነው ለዚህም ጭምር ነው።

የአየር ምንጣፍ የያዘ ሰው ሁለት ነገር ይወቅ። ከዝቅተኛ ስፍራ ተነፍቶ ወደ ከፍታ የወጣ ምንጣፍ የውጭው አየር ስለሚሳሳ እየተወጠረ ስፌቱን ሊጎዳ ይችላል፤ ስለዚህ በጉዞ ላይ መክፈቻው ክፍት ይሁን። እንደገናም ማታ በሙቀት ተነፍቶ የተዘጋው አየር በሌሊት ሲቀዘቅዝ ስለሚሰበሰብ ምንጣፉ ይላላል፤ ይህ መቀደድ አይደለም፤ ከመተኛት አስቀድሞ ጥቂት መጨመር ይበቃል።

8. ከምንጣፉ ላይ የሚተኛው

በአንድ የተራራ ጉዞ ላይ የሚያድረው እንግዳው ብቻ አይደለም። መንገድ መሪው፣ በቅሎ ነጂው፣ ወጥ ቤቱና ጠባቂው በዚያው ከፍታ፣ በዚያው ውርጭ ያድራሉ። ለጉዞ ዕቃ ሲሰናዳ ግን ምንጣፍ የሚቈጠረው ብዙውን ጊዜ በእንግዶቹ ቍጥር ነው፤ የቀሩት «የአገሩ ሰዎች ናቸው፤ ብርዱን ለምደውታል» ይባላሉ። ይህ አነጋገር ከላይ የተገለጠውን ነገር ካለማወቅ የመጣ ነው። ደገኛ ብርድን ሲቋቋም የኖረው በአጎዛ፣ በደበሎ፣ በሣርና በመደብ ነው እንጂ በባዶ ሰውነቱ አይደለም። አጎዛው ተሽጦ፣ ሣሩ ተከልክሎ፣ ጋቢውን ብቻ ለብሶ በሸራ ላይ የተኛ ደገኛ ከባሕር ማዶ እንደ መጣው እንግዳ ይበርደዋል፤ መሬት የማንንም ትውልድ ጠይቃ ሙቀት አትወስድምና።

በታኅሣሥ መጨረሻ ለገና ወደ ላሊበላ በእግራቸው የሚጓዙ ምእመናንም እንደዚሁ ናቸው። ብዙዎቹ ቀናት በሚፈጅ መንገድ መጥተው ወደ 2500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ በሜዳ ላይ ያድራሉ፤ ከመካከላቸውም ሽማግሌዎችና ሕፃናት ይገኛሉ። ለእነዚህ ሰዎች እጅግ የሚጠቅመው በውድ ዋጋ የሚሸጠው የአየር ምንጣፍ አይደለም፤ ቀላሉ፣ የማይቀደደውና ውሃ የማይጠጣው ደረቅ ስፖንጅ፣ ወይም በሚገባ የለፋው አጎዛ ነው።

በጠቅላላው ሲታይ የመንገደኛ ምንጣፍ ምርጫ ከጥንት እስከ ዛሬ አንድ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ሊሸከሙት በሚቻል ክብደት፣ ሲጫኑት የማይሸሽ አየር ከሰውነት በታች እንዴት ይገኛል የሚል ነው። የቆሎ ተማሪው በደበሎው፣ ነጋዴው በሣርና በቁርበቱ፣ የሶማሌው አርብቶ አደር በቃጫ ምንጣፉ፣ መሐንዲሱም በስፖንጁ ለዚሁ ጥያቄ መልስ ሰጥተዋል። ጓዙን የሚያሰናዳ ሰው መልሶቹን አመዛዝኖ ለአገሩና ለወራቱ የሚስማማውን ይምረጥ። ከመነሣቱም አስቀድሞ ምንጣፎቹን አንድ ጊዜ፣ ሰዎቹንም አንድ ጊዜ ይቍጠር፤ ሁለቱ ቍጥሮች ካልተካከሉ ጓዙ ገና አልተሟላም።